በኦማሃ ፖከር የማይሻሻል ስትሬት ይዞ ኦል ኢን መቀበል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኦማሃ እያንዳንዱ ተጫዋች አራት ካርድ ይዞ፣ ሁለቱን ከሰሌዳው ሦስት ካርዶች ጋር አጣምሮ የሚጫወትበት ፖከር ነው። ፍሎፑ (መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ የሚገለጡት ሦስት የጋራ ካርዶች) ላይ ስትሬት፣ ማለትም አምስት ተከታታይ ካርድ፣ ሠርተናል፤ ከዚያ በላይ የሚያሻሽለን ካርድ ግን የለም። ተጋጣሚያችን ኦል ኢን ገባ፣ ማለትም የቀረውን ገንዘብ በሙሉ አስገባ። እንቀበል ወይስ ካርዳችንን እንጣል? በዚህ ላይ የሚሰጡት ምክሮች አብዛኞቹ ሁለት ካርድ ብቻ ከሚያዝበት ፖከር፣ ከቴክሳስ ሆልደም፣ የተወረሱ ስለሆኑ ኦማሃ ላይ ገንዘብ ያስበላሉ።

ለንግግራችን አንድ እጅ እንያዝ። ፍሎፑ የስፔድ 9፣ የስፔድ 8 እና የዳይመንድ 7 ነው። እኛ የኸርት ጃክ፣ የክለብ 10፣ የዳይመንድ 4 እና የክለብ 3 ይዘናል። ፖቱ (ተጫዋቾቹ መሃል ያስገቡት ገንዘብ) ውስጥ 100 ዶላር አለ፤ ተጋጣሚያችን የቀረውን 100 ዶላር በሙሉ አስገብቷል። ብንቀበል 100 ከፍለን በ300 ዶላር ፖት ላይ እንወዳደራለን ማለት ነው። ስለዚህ ላለመክሰር ከፖቱ በአማካይ አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም 33.3 በመቶ ሊደርሰን ይገባል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚለካው በዚህ ቁጥር ነው።

«አሁን የሚበልጠኝ እጅ ስለሌለ መቀበል ግዴታ ነው»

እውነት ነው፣ በዚህ ፍሎፕ ላይ ከጃክና 10 የሚበልጥ የለም። ግን ገና ሁለት ካርድ ይወጣል፤ አንደኛው ተርን፣ የመጨረሻው ሪቨር ይባላል። ተጋጣሚው አራት ካርድ ስለያዘ ሁለት ሁለት እያደረገ ስድስት ጥምረት ማውጣት ይችላል፤ ከስድስቱ አንዱ ዛሬ ባይረባ እንኳ ሪቨር ላይ ሊነሳ ይችላል። ጥያቄው «አሁን ማን ይመራል?» ሳይሆን «መጨረሻ ላይ ከዚህ ፖት ስንት ይደርሰኛል?» ነው።

«የሚያስፈራው ሦስት 9 የያዘው ነው»

ብዙ ሰው የሚሸሸው ሰሌዳው ላይ ተመሳሳይ ቁጥር ሁለቴ ወጥቶ ስትሬትን የሚበልጠው ፉል ሃውስ (ሦስት ተመሳሳይ ከአንድ ጥንድ ጋር) እንዳይመጣበት ነው። እስቲ እናስላው። ተጋጣሚያችን ሁለት 9 (ከሰሌዳው ጋር ሦስት) እና ምንም የማይረዱት ሁለት ካርዶች ቢይዝ እኛ 63 በመቶ ያህል እናሸንፋለን። ይህ በደስታ የሚቀበሉት ኦል ኢን ነው።

ሁለቱ 9 ላይ የስፔድ ኤስ እና የስፔድ 2 ቢጨምርስ? ያኔ ፉል ሃውስም ፍለሽም (አምስት አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው ካርዶች፣ እሱም ስትሬትን ይበልጣል) ስለሚጠብቅ የእኛ ዕድል ወደ 37 በመቶ ይወርዳል። እዚህ ላይ ብዙዎች «ከተበለጥኩ እጥላለሁ» ይላሉ፤ ይህም ስህተት ነው። የሚያስፈልገን 33.3 ብቻ ስለሆነ፣ ገና ያልተሠራ እጅ በልጦን እንኳ መቀበሉ ትርፍ አለው። ትንሽ ነው፣ ግን ትርፍ ነው።

እውነተኛው ጠላት ሌላ ነው፤ እኛው የያዝነውን ስትሬት ይዞ፣ ከላዩ ፍለሽ የሚጠብቅ ሰው። ጃክ፣ 10፣ የስፔድ ኤስ እና የስፔድ 5 ይዟል እንበል። ስፔድ ካልወጣ ፖቱን እኩል እንካፈላለን። ከወጣ ሁሉንም ይወስዳል። እኛ ብቻችንን ፖቱን የምንወስድበት መንገድ ግን አንድም የለም። በ41 የቀሩ ካርዶች ውስጥ 9 ስፔድ ስላለ፣ በሁለት ካርድ ውስጥ የመውጣቱ ዕድል 39.5 በመቶ ነው፤ ከቀረው ግማሹ የእኛ ነው፣ 30 በመቶ ገደማ። በተቀበልን ቁጥር በአማካይ 9 ዶላር እንጥላለን። እንዲህ ያለ ኪሳራ ጎልቶ አይታይም፤ ብዙ ጊዜ ፖቱን ተካፍለን ስለምንነሳ የከሰርን አይመስለንም። ለዚህ ይመስለኛል ሰው ከዓመት ዓመት የማይማርበት።

እንግዲህ ውሳኔው ያለው ተጋጣሚውን በማወቅ ላይ ነው። ሦስቱንም ዓይነት እጅ እኩል ይዞ ኦል ኢን የሚገባ ከሆነ አማካያችን 43 በመቶ ይደርሳል፤ ያለ ማመንታት መቀበል ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ብቻ ይዞ የሚገባ ጥንቁቅ ሰው ከሆነ ግን ወደ 33.6 እንወርዳለን፤ ብንጥልም ብንቀበልም ልዩነቱ ከአንድ ዶላር አይበልጥም። ጃክና 10ን ከፍለሽ ተስፋ ጋር ካልያዘ ምንም የማይነካ ሰው ከሆነ ደግሞ ጥሎ መነሳት ነው።

«ስትሬቱ ካለኝ የቀሩት ሁለት ካርዶች ምንም አይለውጡም»

በጣም ይለውጣሉ። በ4 እና በ3ቱ ቦታ የስፔድ 4 እና የስፔድ 3 ብንይዝ፣ ፍለሻችን ከኤስ ፍለሽ ስለሚያንስ የማይጠቅም ይመስላል። ነገር ግን ከተጋጣሚያችን 9 ስፔዶች ሁለቱን እኛ ይዘናቸዋል። እሱ የሚጠብቀው 7 ብቻ ይሆናል፣ የእኛም ድርሻ ከ30 ወደ 34 በመቶ ይወጣል። የሚያከስረው ኦል ኢን የሚያዋጣ ሆነ ማለት ነው።

ከ4ቱ ይልቅ ኩዊን ብንይዝ ደግሞ ጨዋታው ይገለበጣል። ቀጥሎ 10 ወይም ጃክ ከወጣ፣ ጃክና 10 ብቻ የያዘው ባለበት ሲቀር እኛ እስከ ኩዊን የሚደርስ ስትሬት እንሠራለን። ያኔ በነፃ የሚጠብቀው እኛ ነን።

«ስትሬት ስትሬት ነው»

በዚሁ ፍሎፕ 6 እና 5 የያዘም ስትሬት ሠርቷል፤ 10 እና 6 የያዘም እንዲሁ። ግን ጃክና 10 የያዘ ሰው ሲገጥማቸው፣ በተለይ 6 እና 5 የያዘው፣ ከሞላ ጎደል ያለቀላቸው ናቸው። ታችኛውን ስትሬት ይዞ ትልቅ ኦል ኢን መቀበል «ከእጅ አይሻል ዶማ» ነው።

«ብዙ አስገብቻለሁ፣ አሁን መጣል አይቻልም»

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ፖቱ ውስጥ የገባው የማንም አይደለም። ይሁን እንጂ የፖቱ ትልቅነት ዋጋውን ይወስናል። ተጋጣሚያችን የቀረው 30 ዶላር ብቻ ቢሆን፣ 30 ከፍለን በ160 ዶላር ፖት እንወዳደራለን፤ የሚያስፈልገው 18.75 በመቶ ብቻ ነው። ያኔ ያ የፈራነው ባለ ስትሬትና ባለ ፍለሽ ተስፋ ሰው እንኳ ቢሆን መቀበል ያዋጣል። የምንቀበለው ግን «ገንዘቤ ገብቷል» ብለን ሳይሆን ዋጋው ስለረከሰ ነው።

«ሦስተኛ ሰው ከገባ ፖቱ ስለሚያድግ ይሻለኛል»

አንዱ ስትሬታችንን የሚካፈል፣ ሌላው ሦስት 9 ከፍለሽ ተስፋ ጋር የያዘ ከሆነ፣ ድርሻችን ከአንድ አምስተኛ በታች ይወርዳል። እዚህ ላይ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

«ሰሌዳው ላይ አራት ተከታታይ ካለ አንድ ጃክ ይበቃኛል»

በኦማሃ ከእጅ በትክክል ሁለት ካርድ፣ ከሰሌዳ ሦስት መጠቀም ግዴታ ነው። ሰሌዳው 10፣ 9፣ 8፣ 7 ሆኖ እጃችን ጃክ፣ ኤስ፣ ኪንግ እና 2 ከሆነ ስትሬት የለንም። ከሆልደም የመጡ ሰዎች ይህን እያወቁ በመሸ ሰዓት ይረሱታል።

«ካርድ በወጣ ቁጥር ስትሬት እየደከመ ይሄዳል»

የሚያደክመው ካርድ ከወጣ አዎ። ካልወጣ ግን በተቃራኒው ነው። ተርኑ የኸርት ኪንግ ሆነ እንበል። ሦስት 9 ብቻ የያዘው ላይ ዕድላችን ከ63 ወደ 75 በመቶ ይዘላል። ሦስት 9 ከስፔድ ጋር የያዘው ላይ ከ37 ወደ 57.5። ስትሬታችንን ከስፔድ ኤስ ጋር በያዘው ላይ እንኳ ድርሻችን 38.75 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ ፍሎፕ ላይ መጣል የነበረበት ያው እጅ፣ ተጋጣሚው የፖቱን ያህል አስገብቶ ተርን ላይ ኦል ኢን ቢገባ፣ የሚቀበሉት ይሆናል።