ፎርሙ ላይ ያልሰፈረው ኒካህ

ድሬዳዋ ውስጥ ከዚራ ሰፈር ወዳለችው ቢሮዬ የሚመጡ ባለጉዳዮች ወረቀታቸውን በላስቲክ ጠቅልለው፣ ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው ነው የሚገቡት። አብዛኞቹ አሜሪካ ያለ አባት፣ ባል ወይም ወንድም ያመለከተላቸው ናቸው። በጥብቅና ሥራዬ ደጋግሜ ያየሁት አንድ ነገር አለ። ፋይል የሚበላሸው ወረቀት በመጥፋቱ ሳይሆን፣ ቤተሰብ በበጎ አሳብ «አስተካክሎ» በማቅረቡ ነው። የጠፋ ማስረጃ በሌላ ይተካል። ቪዛ ለማግኘት ሲባል በተነገረ ውሸት ግን የአሜሪካ ሕግ ሰውን ዕድሜ ልኩን ሊያግድ ይችላል፤ ይቅርታ የሚደረግባቸው ሁኔታዎችም ጥቂት ናቸው።

«ኒካህ ብቻ ነው፤ ማዘጋጃ ቤት ስላልፈረምን አላገባሁም»

ከባለጉዳዮቼ ከምሰማቸው አባባሎች ሁሉ የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። ግሪን ካርድ (የአሜሪካ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ) ያለው አባቷ ያመለከተላት አንዲት ወጣት፣ ቃለ መጠይቁ ከመድረሱ በፊት ፎርሙን እንድመለከትላት መጣች። «ያላገባች» በሚለው ላይ ምልክት ተደርጓል፤ ከቀበሌ የወጣ ያላገባ ማስረጃም ተያይዟል። ወረቀቱን ስታቀብለኝ ግን እጇ ላይ ያለው ሂና ገና አልደበዘዘም ነበር። ስጠይቃት «ኒካህ ታስሯል፣ ሠርጉ ግን ገና ነው» አለችኝ፤ የደበቀችው ነገር ያለ አልመሰላትም።

ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። ይህ ሕግ ጋብቻ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ወይም በባህል ሥርዓት ሊፈጸም እንደሚችል ይደነግጋል፤ ሦስቱም እኩል ናቸው። እንደ ኒካህ ያለ በሃይማኖት የተፈጸመ ጋብቻ መመዝገብ አለበት፤ የሚጸናው ግን ከተመዘገበበት ቀን ሳይሆን ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ ነው። የአሜሪካ ሕግ በበኩሉ በተፈጸመበት አገር ሕጋዊ የሆነን ጋብቻ በመርህ ደረጃ እንደ ጋብቻ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ይህች ልጅ ባለ ትዳር ናት።

ግሪን ካርድ ብቻ ያለው አባት ላገባ ልጅ ማመልከት አይችልም፤ ማመልከቻው ኒካሁ በታሰረበት ዕለት ወድቋል። አባትየው አስቀድሞ ዜግነት አግኝቶ ቢሆን ኖሮ፣ ጉዳዩ ወረፋው ወደሚረዝመው ያገቡ ልጆች መደብ ይዛወር ነበር እንጂ አይሞትም ነበር። ደብቃ ብትሄድስ? ነገ ባሏን ለመውሰድ ስታመለክት የኒካሁን ቀን መጻፏ አይቀርም፤ ቀኑ ደግሞ እሷ «አላገባሁም» ብላ ከገባችበት ቀን ይቀድማል። ይህን ሳስረዳት ወንበሩ ላይ ሆና አለቀሰች። እኔም ከእሷ ባልተናነሰ አዘንኩ፤ ከኒካሁ በፊት አንድ ቀን እንኳ ብትጠይቀኝ ኖሮ ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር። ቀለበት ማሰርና ሽማግሌ መላክ ጋብቻ አይደለም፤ እስከዚያ ድረስ ያለው ጣጣ የለውም።

«ያሳደግኩት ልጅ ልጄ ነው»

ቤት ውስጥ፣ አዎ። የሟች እህቷን ልጅ ከሁለት ዓመቱ ጀምራ ያሳደገች እናት «አንተ ጠበቃው፣ ከሌሎቹ ለይቼው ልሂድ?» ስትለኝ መልስ ያጥረኛል። ነገር ግን እንደ ወለደችው ልጅ ሲመዘገብ፣ ቆንስላው ከተጠራጠረ የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ እንዲያቀርቡ ሊጠይቅ ይችላል። ውጤቱ ካልገጠመ ጥርጣሬው ወደ ወንድምና እህቶቹም ይሻገራል። እውነተኛው መንገድ ጉዲፈቻ ነው፤ እሱም ጊዜ ይፈልጋል። በአሜሪካ ሕግ መሠረት በመርህ ደረጃ ልጁ 16 ዓመት ሳይሞላው ጉዲፈቻው መጽደቅ አለበት፤ ከአሳዳጊውም ጋር በሕጋዊ አሳዳጊነት ሁለት ዓመት የኖረ መሆን ይኖርበታል። እባካችሁ ልጁ አሥራ አምስት ዓመት እስኪሞላው አትጠብቁ።

«ግሪን ካርድ ያለው ልጄ ይወስደኛል»

አይችልም። ለወላጅ ማመልከት የሚችለው 21 ዓመት የሞላው ዜጋ ነው፤ እንዲህ ላለው ወላጅ ዓመታዊ ኮታ የለበትም። ዜጋ ለወንድምና ለእህትም ማመልከት ይችላል፤ ነገር ግን ይህ መደብ ለመላው ዓለም በዓመት 65,000 ገደማ ቪዛ ብቻ ስላለው ወረፋው ከአሥር ዓመት በላይ ይወስዳል። በዚህ ተስፋ ሥራውን ትቶ፣ ቤቱን ሸጦ የሚቀመጥ ሰው ሳይ ያመኛል።

«የልደት ቀኑን በግምት ብናስቀምጠው ምን አለበት?»

ብዙዎች የእኛን ዓመት ወደ ፈረንጆቹ ሲቀይሩ ሁልጊዜ ሰባት ይደምራሉ። ጥቅምት 15 ቀን 1985 የተወለደ ልጅ በእነሱ ኦክቶበር 25 ቀን 1992 ነው፤ ጥር 20 ቀን 1985 የተወለደው ግን ጃንዋሪ 28 ቀን 1993 ነው። 21 ዓመት መሙላት ወይም አለመሙላት መደብን በሚወስንበት ፋይል ላይ ይህ ትንሽ ስሕተት አይደለም። ስሕተቱ ከተገኘ ልደቱን ወደ ኋላና ወደ ፊት ከመጎተት ይልቅ እንዴት እንደተፈጠረ በጽሑፍ አስረዱ።

«ኤምባሲ ውስጥ ሰው ያለው ደላላ አለ»

የለም። ገንዘባችሁን ይዞ ይጠፋል፤ የሞላላችሁ ፎርም ላይ ያለው ፊርማ ደግሞ የእናንተ ነው።

«ወረቀት ሰጥተው መለሱኝ፤ አበቃልኝ»

ወረቀቱን አንብቡት። ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ማስረጃ እንድታቀርቡ የሚጠይቅ ነው፤ ለማቅረብም የአንድ ዓመት ጊዜ አላችሁ። ተስፋ ቆርጠው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠውት፣ ዓመቱ ካለፈ በኋላ ይዘውልኝ የመጡ አሉ። የተጠየቀው አንድ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ብቻ ነበር።