ዘርፍ አቋራጭ የምርምር ተቋም ምንድን ነው? (ሁለገብስ ማን አለው?)

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ፣ በዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚቋቋም ሁለገብ (እኔ «ዘርፍ አቋራጭ» የምለው) የከፍተኛ ምርምር ተቋም ማለት ሁሉም የትምህርት ክፍል ተወካይ የሚልክበት የድኅረ ምረቃ ማዕከል ነው ብሎ ጻፈ። ባንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ስህተት። ብዙ ጊዜ አልፌዋለሁ፤ ዛሬ ግን በቃኝ።

ድኅረ ምረቃውን ቶሎ ልለፈው። እንዲህ ያሉ ተቋማት አብዛኞቹ ዲግሪ አይሰጡም። ሰውን የሚያሳስተው «ከፍተኛ» የሚለው ቃል ነው። በብዛት የሚመጡት ዶክትሬታቸውን የጨረሱ ተመራማሪዎች ናቸው፤ የሚሰጣቸውም ጊዜ ነው። ለጥቂት ወራት ወይም ለዓመት ከማስተማርና ከስብሰባ ይገላገላሉ።

አርአያ ተደርጎ የሚጠቀሰው በ1930 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው፣ አሜሪካ ፕሪንስተን ከተማ ያለው የከፍተኛ ጥናት ተቋም ነው። እሱ ደግሞ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ አካል አይደለም! የተቋሙ ፕሮፌሰር የነበረው አንስታይን የዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ነበር ሲባል በሰማሁ ቁጥር ጥርሴን እነክሳለሁ። (ተቋሙ መጀመሪያ ላይ በዩኒቨርሲቲው ሕንፃ ውስጥ ስለነበር ስህተቱ ይገባኛል።) የዩኒቨርሲቲ አካል የሆኑት እንደ ቢሌፌልድ ዩኒቨርሲቲው የዘርፍ አቋራጭ ምርምር ማዕከል ያሉት ናቸው፤ ጀርመን ውስጥ በ1968 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ነው። እዚያ ከተለያየ ሙያ የመጡ ሰዎች በአንድ ርዕስ ተቧድነው ለወራት አብረው ይሠራሉ።

አሁን ወደሚያበሳጨኝ ልምጣ፤ ወደ «ተወካዩ»። አስተያየት ሰጪው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ ነው የዘጋው። ተረቱ ጥሩ ነው፤ ቦታው ግን እዚህ አይደለም። የዚያ ተረት ድር ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ጉልበቱም ከብዛቱ ነው። ድሩን የሚያቋርጥ ማግ ከሌለ ግን ጨርቅ የለም። ስድስት ባለሙያ ጎን ለጎን ቢቀመጥ ስድስት ክር ነው። ስድስት ምዕራፍ ያለው ሪፖርት ቢያወጡም ያው ነው፣ ጥራዝ እንጂ ጨርቅ አይሆንም። ሽመናው የሚጀምረው አንዱ የሌላውን ዘዴ ወስዶ በራሱ ጥያቄ ላይ ሲሞክረው፣ ሲብስም ጥያቄው ራሱ ሲለወጥበት ነው።

ምሳሌውን ትንሽ ልግፋበት። ድሩ ካልተወጠረ አይሸመንም። ስለዚህ ሁሉንም ትንሽ ትንሽ የሚያውቅ ሰው ለዚህ ቦታ ይመቻል የሚባለው ነገር አይዋጥልኝም። የላላ ክር ይጠላለፋል እንጂ አይሸመንም። መጀመሪያ በራስ ሙያ መወጠር ያስፈልጋል።

ማጉን የሚያመላልሰው መወርወሪያስ ምንድን ነው ካላችሁኝ፣ የሻይ ሰዓት ነው። አልቀለድኩም። በ1972 እ.ኤ.አ. የቁጥር ንድፈ ሐሳብ አጥኚው ሂዩ ሞንትጎመሪ በፕሪንስተኑ ተቋም ሻይ ላይ ከፊዚክስ ሊቁ ፍሪማን ዳይሰን ጋር ተገናኘ። የሪማን ዜታ ፈንክሽን (ከብቸኛ ቁጥሮች ስርጭት ጋር የተያያዘ የሒሳብ ፈንክሽን ነው) ዜሮ የሚሆንባቸው ነጥቦች እርስ በርስ እንዴት እንደሚራራቁ ያገኘውን ቀመር ነገረው። ዳይሰን ቀመሩን ወዲያው አወቀው። ፊዚክሰኞች የከባድ አተሞችን ኒውክሊየስ የኃይል ደረጃዎች ለመግለጽ በሚጠቀሙበት ሒሳብ ውስጥ ያለ ቀመር ነበር። ሁለቱን ሰዎች በአንድ ጉዳይ ላይ የሚመድብ ኮሚቴ ግን አይታየኝም።

ስታቲስቲክስ ስለምሠራ ግን እዚህ ላይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ፍሬ ያፈራውን ሻይ እናስታውሳለን፤ እንዲሁ ተጠጥተው የቀሩትን ማን ቆጠራቸው? በአንድ ያማረ ታሪክ መንገዱ ይሠራል ማለት አይቻልም። የሞንትጎመሪ ቀመርም ቢሆን ገና ግምት ነው፤ እስካሁን ሙሉ ማረጋገጫ አላገኘም።

የቀረው «ሁለገብ» ነው። ሁለገብ ማለት ለሁሉም የሚሆን ማለት ነው፤ ሁለገብ ሠራተኛ፣ ሁለገብ አዳራሽ እንደምንለው። ይህ ተቋም ግን ለሁሉም አይሆንም። አንድ የትምህርት ክፍል ብቻውን ለማይችላቸው ጥያቄዎች የተሠራ ነው። የተሻለ ቃል እስኪገኝ እኔ «ዘርፍ አቋራጭ» እያልኩ እጽፋለሁ። አርታኢዎቹ ደግሞ ወደ «ሁለገብ» ይመልሱልኛል።