ፊት ማንበብ ሲከብድ፦ ስኪዞፍሬኒያን የተመለከቱ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እናት ደክሟት፣ ግንባሯን ቋጥራ ወደ ቤት ትገባለች። ስኪዞፍሬኒያ የተባለ የአእምሮ ሕመም ያለበት ልጇ ቀና ብሎ ያያትና «ደግሞ ምን አጠፋሁ?» ይላታል። ምንም አላጠፋም፤ እርሷም አልተቆጣችም። ከዚያ በኋላ የሚነሳው ጭቅጭቅ ሁሉ በልጁ ጠባይ ይሳበባል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ችግሩ የጠባይ አይደለምና።

«ለሰው ስሜት ግድ የላቸውም»

ግድ ማጣት ሌላ፣ ማንበብ መቸገር ሌላ። ከሰው ፊት ላይ ስሜትን መለየት የአንጎል ሥራ ነው፤ ሕመሙ የሚጎዳውም ይህንኑ ችሎታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመና 86 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ትንታኔ ጉድለቱ ከፍተኛ መሆኑን አሳይቷል። የዓይን እንቅስቃሴን የሚከታተሉ መሣሪያዎች ደግሞ ብዙ ታካሚዎች የሌላውን ሰው ዓይንና አፍ የሚመለከቱት ለአጭር ጊዜ መሆኑን መዝግበዋል። ስሜት በዋናነት የሚነበበው ግን ከእነዚሁ ቦታዎች ነው።

«ፊት ሁሉ እኩል ይከብዳቸዋል»

ደስታን መለየት ይቀላቸዋል። ፍርሃት፣ ቁጣ፣ ሐዘንና መጸየፍ ይበልጥ ያደናግሯቸዋል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ምንም ስሜት ያልታየበት ፊት ነው። ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሆኖ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ፊት ቁጣ ወይም ዛቻ የያዘ ሊመስላቸው ይችላል፤ በተለይ «ያሳድዱኛል» የሚል ጥርጣሬ በበረታበት ጊዜ። በእንዲህ ያለ ፊት ተከብቦ መንገድ ላይ መሄድ ምን ያህል እንደሚያደክም አስቡት።

«ፊታቸው ስለማይፈታ ውስጣቸውም ባዶ ነው»

ስሜት ቀስቃሽ ፊልሞችን በማሳየት በተደረጉ ጥናቶች ታካሚዎቹ ፊታቸው ላይ ያሳዩት ስሜት ጥቂት ነበር። ተሰማን ያሉት ግን ሕመሙ ከሌለባቸው ተመልካቾች የማይተናነስ ነው። አንዳንድ መድኃኒቶችም የፊትን እንቅስቃሴ ያደነዝዛሉ።

«መድኃኒቱን ከወሰደ ይህም ይስተካከላል»

መድኃኒት ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማትን እና መሠረት የሌለውን ጥርጣሬ ያበርዳል፤ ያለ ሐኪም ምክር መቋረጥ የለበትም። ፊት በማንበብ ረገድ የሚያመጣው ለውጥ ግን ትንሽ ነው። ችግሩን መድኃኒቱ አመጣው ማለትም አይቻልም፤ ሕመሙ ገና ሲጀምር ይታያል፣ በቀላል መልኩም ባልታመሙ ወንድሞችና እህቶች ላይ ተገኝቷል።

«እንግዲህ ምንም ማድረግ አይቻልም»

ይቻላል። ቅንድብ ሲነሳ፣ ከንፈር ሲጨመቅ፣ ዓይን ሲጠብ ምን ማለት እንደሆነ በሥዕልና በፎቶግራፍ ደረጃ በደረጃ የሚያስተምሩ ሥልጠናዎች አሉ፤ ሠልጣኞች ስሜትን የመለየት ችሎታቸውን አሻሽለዋል።

ቤት ውስጥ ደግሞ ስሜትን ለፊት ብቻ አለመተው ነው። እናትየዋ ገና ከበር ስትገባ «ደክሞኛል እንጂ አልተቆጣሁህም» ብትለው ልጁ ከግንባሯ መገመት አይኖርበትም። እርሱም «ተቆጥተሻል እንዴ?» ብሎ ሲጠይቃት፣ አሥረኛ ጊዜው ቢሆን እንኳ፣ በእርጋታ ትመልስለት።