ከልብ ባይፓስ በኋላ የሚመጣ የምት መዛባት ምንድን ነው? መከላከልስ ይቻላል?

ባይፓሱ፣ ማለትም የልብ ደም ሥሮች ሲጠቡ ለደሙ በሌላ ሥር ማለፊያ መንገድ የሚሠራበት ቀዶ ሕክምና፣ በሰላም አልቋል። ታካሚው ነቅቷል፣ ከአልጋ ወርዶ ትንሽ ትንሽ መራመድም ጀምሯል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ግን ልቡ ድንገት ይርበተበታል። ሞኒተሩ ላይ እኩል ተራርቀው ይሄዱ የነበሩት ምቶች ይዘበራረቃሉ፤ አንዱ ይጣደፋል፣ ሌላው ይዘገያል። ቤተሰብ "ኦፕራሲዮኑ ተበላሸ እንዴ?" ብሎ ይደነግጣል። አልተበላሸም።

ይህ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይባላል። ሁለቱ የላይኛው የልብ ክፍሎች በሥርዓት መኮማተራቸውን ትተው ይንቀጠቀጣሉ። ባይፓስ ከተሠራላቸው ከአራት ሰዎች አንዱን ያህል ያገኛል። ልብ ተነክቶ ይቆጣል፤ ዙሪያውን ደምና ፈሳሽ ይጠራቀማል፤ ሰውነትም አድሬናሊኑን ይጨምራል። ዕድሜ በገፋ ቁጥር ደግሞ አደጋው ከፍ ይላል።

ብዙውን ጊዜ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይስተካከላል። ቢሆንም ቀላል ነው ተብሎ አይታለፍም። በሚንቀጠቀጠው ክፍል ውስጥ ደም ሊረጋ፣ የረጋው ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። የሆስፒታል ቆይታንም ያራዝማል።

ወደ መከላከሉ ስንመጣ፣ አጥብቄ የምናገረው ስለ ቤታ ብሎከር ነው። ሜቶፕሮሎል፣ ቢሶፕሮሎል፣ አቴኖሎል የዚህ ቤተሰብ ናቸው። አድሬናሊን ልብን እንዳያጣድፍ ያደርጋሉ። ቀድሞ ይወስድ የነበረ ሰው "ለኦፕራሲዮን መድኃኒት ሁሉ ይቆማል" ብሎ በራሱ ካቋረጠ ግን ልቡ ይባስ ይነሳሳል። ምግብ ሳይቀመስ በሚታደርበት ጠዋት እንኳ ብዙ ጊዜ በጥቂት ውሃ ይዋጣል። ስለዚህ ሐኪሙን በግልጽ ጠይቁ፦ "ይህንን ኪኒን ልቀጥል?" ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ግፊቱና ምቱ ሲፈቅድ ቶሎ ይመለሳል። ምቱ በጣም ለሚዘገይ ወይም ከባድ አስም ላለበት ሰው ሐኪሙ ሌላ መንገድ ያያል።

የልብ ምትን የሚያስተካክለው መድኃኒት አሚዮዳሮንም አለ። በ2005 ካናዳ ውስጥ በወጣ ጥናት ከቀዶ ሕክምናው 6 ቀን በፊት ጀምሮ እስከ 6 ቀን በኋላ ሲሰጥ፣ ችግሩ ከ29.5 ወደ 16.1 በመቶ ወርዷል። ምትን ከልክ በላይ ሊያዘገይ ስለሚችል በተለይ አደጋቸው ከፍ ላለ ሰዎች ይታሰባል።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ከመድኃኒት ውጭ ያለው ዘዴ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ልብን የሸፈነውን ከረጢት ከኋላ በኩል ትንሽ ይቀደዋል። የተጠራቀመው ፈሳሽ ልብን ከመቆጥቆጥ ይልቅ በግራ ሳንባ ዙሪያ ወዳለው ክፍተት ይፈስሳል። ኒውዮርክ ውስጥ በ420 የልብ ቀዶ ሕክምና ታካሚዎች ላይ ተሞክሮ በ2021 ሲታተም፣ የምት መዛባቱ 32 በመቶ ከነበረው ወደ 17 ወርዶ ተገኘ። አንዲት ቀዳዳ ይህን ያህል!

የተለመደ ሁሉ ግን ይሠራል ማለት አይደለም። ለዓመታት በደም ውስጥ ያለው የፖታሲየም ማዕድን መጠን ከ4.5 (ሚሊሞል በሊትር) እንዳይወርድ ተብሎ ይሞላ ነበር። በ2024 የወጣ ትልቅ ጥናት ከ3.6 ሲወርድ ብቻ መተካቱ የከፋ ውጤት እንደሌለው አሳየ። ኮሌስትሮል የሚቀንሰው መድኃኒት ስታቲንም ለዚህ ጉዳይ አልረዳም፤ ለደም ሥሮቻችሁ ግን ያስፈልጋችኋልና እንዳትተዉት።

ቤት ከገባችሁ በኋላ ጣታችሁን አንጓችሁ ላይ አድርጋችሁ ምታችሁን መከታተል ልመዱ። ከተዘበራረቀ ወይም ካጣደፈ ለሐኪማችሁ ደውሉ። ፊት ከተጣመመ፣ አንደበት ከተሳሰረ ወይም አንድ እጅ ከዛለ ሳትጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።