ጀሪካኑ ውስጥ ያለው ግሊሰሪን ብቻ አይደለም

ፒያሳ ማኪያቶዬን ሳልጨርስ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ጠረጴዛው ላይ ዘፍ አደረገው። ከሳምቡሳ ቤቶች የለቀመውን ያገለገለ ዘይት ከሜታኖልና ከኮስቲክ ሶዳ ጋር አዋህዶ ባዮዲዝል፣ ማለትም የሞተር ነዳጅ፣ አድርጎታል። ያመጣልኝ ከታች የዘቀጠውን ጥቁር ቡናማ ፈሳሽ ነው። «መምህር፣ ግሊሰሪን ነው። በሲትሪክ አሲድ፣ በሎሚው አሲድ፣ ብጋግረው ፕላስቲክ ይሆናል አይደል?»

ይቺን ጥያቄ ስንቴ እንደሰማኋት!

ከ100 ኪሎ ዘይት ወደ 10 ኪሎ ግሊሰሪን ይወጣል፤ እውነት ነው። ግን ብቻውን አይዘቅጥም። ያልተነካ ሜታኖል፣ ሳሙና፣ የኮስቲክ ሶዳ ቅሪትና ውሃ አብረውት ይወርዳሉ። ግሊሰሪን ሦስት እጅ አለው በሉ። ሲትሪክ አሲድም ሦስት። እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ውሃ እየለቀቁ፣ መረብ ይሠራሉ። እጆቹ እኩል እንዲሆኑ 92 ግራም ግሊሰሪን 192 ግራም ሲትሪክ አሲድ ይፈልጋል። ከመዘናችሁት ግማሹ ሌላ ነገር ከሆነ ሒሳቡ ገደል ገባ። ሳሙናው አሲዱን ይበላዋል። ሜታኖል ደግሞ አንድ እጅ ብቻ ስላለው፣ የያዘው ሰንሰለት እዚያው ይቆማል።

ለካ ልጁ ጋግሮት ኖሯል! የወጣለት ጣት ላይ የሚጣበቅ ሙጫ ነገር ነው። ያውም በቤት ምድጃ። ሜታኖል በ65 ዲግሪ ይፈላል፣ በእሳት ይያያዛል፣ መርዝ ነው፣ ዓይን ያጠፋል። ስለዚህ፦ ወጥ ቤት ውስጥ አይሞከርም። መጀመሪያ ሌላ አሲድ ጨምሮ ሳሙናውን መስበር፤ ቅባቱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ይቀዳል። ከዚያ ሜታኖሉን በዝግ ማጣሪያ አትንኖ መሰብሰብ፤ ለቀጣዩ ዙር ያገለግላል። ጨውና ውሃውን መለየት። ሲትሪክ አሲዱ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የሚመጣው።

«ታዲያ ሳይጣራ ለምንም አይሆንም» ማለትም ስህተት ነው። ድፍርሱን በልተው በሰውነታቸው ውስጥ ፕላስቲክ የሚያከማቹ ባክቴሪያዎች አሉ።

ሌላም ሲባል እሰማለሁ። «ፕላስቲኩ ከዕፅዋት ከመጣ ይበሰብሳል።» አይ! ከግሊሰሪን ኤፒክሎሮሃይድሪን የሚባል ኬሚካል ይሠራል፣ ከዚያ ደግሞ ኢፖክሲ የሚባለው ጠንካራ ሙጫ። ኢፖክሲ ቅበሩትና የልጅ ልጃችሁ ያወጣዋል። ዋናው ሞለኪውሎቹ የተያያዙበት መንገድ እንጂ የትውልድ ሐረጋቸው አይደለም።

«አዲስ ቴክኖሎጂ ነው።» ግሊሰሪንን ኬሚስቱ ሼለ ያገኘው በ1779 ነው። ብዙ የዘይት ቀለሞች የሚሠሩበት አልኪድ ሙጫም ከድሮ ጀምሮ ግሊሰሪን ይገባበታል። የግቢያችሁን በር እዩት።

«ያው የፋርማሲው ስለሆነ ፀጉር ላይ ይቀባ።» እባካችሁ!

ልጁን ጀሪካኑን ሳይሆን ውስጡ ምን ያህል ግሊሰሪን እንዳለ ለክቶ፣ ቁጥሩን ጽፎ እንዲመጣ ነገርኩት። ትንሽ አኮረፈ። ማኪያቶዬን ግን ከፍሎልኝ ወጣ።