ከአራቱ የትኛው? የቢትልስ አድናቂዎች የማያልቅ ክርክር

የእንግሊዙ ባንድ የቢትልስ ሁለት አድናቂዎች ሲተዋወቁ፣ ብዙም ሳይቆይ አንዱ «ያንተ ማነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የሚጠይቀው ስለ ዘፈን ወይም ስለ አልበም አይደለም። ከአራቱ ልጆች የትኛውን ትወዳለህ ማለቱ ነው። ጆን ሌነንን፣ ፖል ማካርትኒን፣ ጆርጅ ሃሪሰንን ወይስ ሪንጎ ስታርን? ባንዱ ከፈረሰ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። ጆንና ጆርጅ በሕይወት የሉም። ክርክሩ ግን ዛሬም ትኩስ ነው።

ብዙ ባንዶች እንዲህ ዓይነት ክርክር አያስነሱም። አንድ ዘፋኝ ፊት ይቆማል፣ የቀሩት ከኋላው ይጫወታሉ፣ ሕዝቡም ዘፋኙን ይወዳል። በቢትልስ አራቱም ይዘፍኑ ነበር። ፕሮዲውሰራቸው ጆርጅ ማርቲን መጀመሪያ ላይ ከጆንና ከፖል አንዱን የባንዱ መሪ አድርጎ ፊት ለማውጣት አስቦ ነበር። በኋላ ሐሳቡን ለወጠና እንደነበሩ ተዋቸው። በእኔ እምነት የዚህ ሁሉ ክርክር ሥሩ ያቺ ውሳኔ ናት። መሪ ያልተሾመለት ባንድ ስለሆነ፣ አድናቂው ራሱ መሪ መምረጥ ያዘ።

(እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሊቨርፑል እስከ ኒውዮርክ

ወገን መያዝ የተጀመረው ዓለም ባንዱን ሳያውቀው ነው። በኦገስት 1962 ማናጀራቸው ብራያን ኤፕስታይን ድራመሩን ፒት ቤስትን አሰናበተው። በቦታው ሪንጎ ገባ። ፒት መልከ መልካም ነበር፤ የሊቨርፑል ልጃገረዶችም ይሞቱለት ነበር። ካቨርን በሚባለው ምድር ቤት ክለብ ውስጥ ደጋፊዎቹ «ፒት ለዘላለም፣ ሪንጎ በፍጹም!» እያሉ ጮኹ። በዚያው ሰሞን ግርግር ጆርጅ ተመትቶ ዓይኑ በለዘ። የመጀመሪያ ሸክላቸውን ሊቀርጹ ለንደን ሲሄዱ የተነሱት ፎቶ ላይ ያ የበለዘ ዓይን ይታያል።

እንዲህ ተጠልቶ የገባው ሪንጎ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አሜሪካ ውስጥ የሆነው ነገር ይገርማል። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1964 ቢትልስ በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀረቡ። 73 ሚሊዮን ያህል ሰው አያቸው። ካሜራው እያንዳንዳቸውን በተራ እያሳየ ስማቸውን ከሥር ጻፈ። ጆን ጋ ሲደርስ ግን ከስሙ በታች «ይቅርታ ልጆች፣ ባለትዳር ነው» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ያ ምሽት ለአሜሪካ ልጃገረዶች የትውውቅ ምሽት ነበር። አራት ፊት፣ አራት ስም ቀረበላቸው። ምረጡ የተባሉ ያህል ነበር፤ እነሱም መረጡ።

ነጋዴውም ጊዜ አላጠፋም። የእያንዳንዱ ስም ያለበት ባጅ፣ አሻንጉሊትና ፎቶ ገበያውን አጥለቀለቀው። የ1964 የአሜሪካ ምርጫ ዘመቻ ሲጦፍ «ሪንጎ ፕሬዚዳንት ይሁን» የሚል ባጅ ደረታቸው ላይ ያደረጉ ልጆች ነበሩ። ኋላ ላይ ሼር ተብላ በዓለም የታወቀችው ዘፋኝ በዚያው ዓመት በሌላ ስም ያወጣችው ሸክላ ለሪንጎ የተዘፈነ የፍቅር ዘፈን ነበር። በእንግሊዝ ደግሞ ጆርጅ ጄሊ ቤቢ የሚባለውን ለስላሳ ከረሜላ እንደሚወድ ተወራ። አድናቂዎች በየመድረኩ ከረሜላ ይወረውሩባቸው ጀመር። አሜሪካ ሲደርሱ ከረሜላው ጠንካራው ዓይነት ሆነና ነገሩ ሥቃይ ሆነ። ፍቅር እንዲህም ይገለጽ ነበር።

በጁን 1964 ሪንጎ በቶንሲል ታመመ፤ ጉዞው ግን ተይዟል። ጂሚ ኒኮል የሚባል ድራመር ለጥቂት ቀናት ተተካና ከዴንማርክ እስከ አውስትራሊያ አብሯቸው ተጫወተ። ጆርጅ «ያለ ሪንጎ አልሄድም» ብሎ አስቸግሮ ነበር። የባንዱ ሰዎች ራሳቸው ከአራት አንዱ ቢጎድል ባንዱ ያው ነው ብለው አያምኑም ነበር ማለት ነው።

የወጣላቸው ስም

ጋዜጠኞች አራቱን በቀላሉ ለመለየት ለእያንዳንዱ ቅጽል አወጡ። ጆን ብልሁና ተረበኛው፣ ፖል ቆንጆው፣ ጆርጅ ዝምተኛው፣ ሪንጎ ተጫዋቹ። በ1964 የወጣው የመጀመሪያ ፊልማቸውም ይህንኑ ይዞ ገጸ ባሕርያቸውን ሳለው። ዛሬም ብዙ ሰው ሲመርጥ የሚመርጠው ያንን ሥዕል ነው። እኔም መጀመሪያ ላይ እንደዚያው ነበርኩ። ከሥዕሉ ጀርባ ግን ሌላ ሰው አለ። ዝምተኛ የተባለው ጆርጅ ስለሚወደው ነገር ከጀመረ የማያቆም ወሬኛ እንደነበር የሚያውቁት ሁሉ ተናግረዋል።

የጆን ወገኖች የሚወዱት ድፍረቱንና ራሱን አለመደበቁን ነው። ፍርሃቱን፣ ቅናቱን፣ የእናቱን ሞት በዘፈን አውጥቶ ተናገረ። በአንጻሩ ሴቶች ላይ እጁን ያነሳ እንደነበር ራሱ በ1980 በሰጠው ቃለ ምልልስ አምኗል። የዛሬ ወጣት አድናቂዎች ይህን አያልፉትም። ልክ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

የፖል ወገኖች ስለ ዜማ ያወራሉ። «የስተርዴይ»ን ብቻውን በጊታርና በአራት ባለ ክር መሣሪያዎች ቀረጸው፤ ሌሎቹ ሦስቱ በዘፈኑ ውስጥ የሉም። ቤዝ ጊታሩ ራሱ ይዘፍናል። ኤፕስታይን በ1967 ሲሞት ባንዱን እየገፋ ወደ ስቱዲዮ ያስገባ የነበረው እሱ ነው። ተቃዋሚዎቹ «ጣፋጭ ይበዛበታል» ይላሉ። ጆንም አንዳንዱን ሥራውን የአያቶች ሙዚቃ ይለው ነበር። ፖል በ1976 ስለ ቀላል የፍቅር ዘፈኖች የሚናገር ዘፈን አውጥቶ መለሰላቸው። ዘፈኑ በአሜሪካ አንደኛ ወጣ።

ጆርጅ ላይ ስደርስ ረጋ ማለት እፈልጋለሁ። ከሁሉም ታናሽ እሱ ነበር። ወደ ባንዱ የገባውም በአውቶቡስ ፎቅ ላይ አንድ የጊታር ዜማ ለጆን ተጫውቶለት ነው። ጆንና ፖል በስማቸው 180 ያህል ዘፈን ሲያስመዘግቡ፣ እሱ በባንዱ ዘመን የተቀረጹለት 22 ብቻ ናቸው። በየአልበሙ አንድ ሁለት ቦታ ይሰጡታል። ሦስት ካገኘ ትልቅ ነገር ነበር። ከዚያ በ1969 ሁለት ዘፈን ይዞ መጣ። «ሰምሲንግ» እና «ሂር ካምስ ዘ ሰን»። አሜሪካዊው ዘፋኝ ፍራንክ ሲናትራ የመጀመሪያውን በመድረክ ሲዘፍን የጆንና የፖል ሥራ ነው እያለ ያስተዋውቅ ነበር ይባላል። ሁለተኛው ደግሞ በ2023 በስፖቲፋይ አንድ ቢሊዮን ጊዜ የተደመጠ የመጀመሪያው የቢትልስ ዘፈን ሆነ። የጆንም የፖልም አልቀደመውም።

ባንዱ ሲፈርስ የጆርጅ ሻንጣ በዘፈን ተሞልቶ ነበር። በኖቬምበር 1970 ሦስት ሸክላ የያዘ አልበም አወጣ። ከአራቱ ለብቻው አንደኛ የወጣ ነጠላ ዜማ ያገኘውም መጀመሪያ እሱ ነው። ኦገስት 1 ቀን 1971 ከመምህሩና ከወዳጁ ከሕንዳዊው የሲታር ተጫዋች ከራቪ ሻንካር ጋር ሆኖ ለባንግላዴሽ ስደተኞች በኒውዮርክ ሁለት ኮንሰርት አዘጋጀ። በአንድ ቀን። ታላላቅ ዘፋኞችን አሰባስቦ ለተራቡ ሰዎች ገንዘብ ማሰባሰብ በኋላ በ1980ዎቹ የተለመደ ነገር ሆነ። ለኢትዮጵያ ረሃብ በ1985 የተደረገው ላይቭ ኤይድም በዚያው መንገድ ላይ የመጣ ነው። እኔ የጆርጅ ወገን የሆንኩት ለዚህ ነው። ተራውን እየጠበቀ ሥራውን ያጠራቀመ ሰው ልቤን ይነካኛል።

ስለ ሪንጎ አንድ የተሳሳተ ነገር መስተካከል አለበት። «በዓለም ምርጡ ድራመር አይደለም፤ በቢትልስ ውስጥ እንኳን ምርጡ አይደለም» የሚለው ቀልድ የጆን ነው እየተባለ ይነገራል። ጆን እንዲህ አላለም። ቀልዱ የመጣው እሱ ከሞተ በኋላ፣ በ1980ዎቹ፣ ከእንግሊዝ ኮሜዲ ነው። ሪንጎ ልጅነቱን በበሽታ ያሳለፈ፣ ከበሮ መምታትንም ሆስፒታል ተኝቶ የተዋወቀ ሰው ነው። ግራኝ ሆኖ ሳለ ለቀኝ እጅ በተዘረጋ ድራም ይጫወታል። ስለዚህ ከበሮዎቹን የሚዞርበት መንገድ የሌላ ሰው አይመስልም። ለማመን የ1966ቱን «ሬይን» ማድመጥ ይበቃል። ራሱም ከሠራቸው ሁሉ የሚመርጠው እሱን ነው። በኦገስት 1968 ተከፍቶ ባንዱን ጥሎ ወጣ። ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ሲመለስ ድራሙ በአበባ ተሸፍኖ ጠበቀው።

ይህ የማን ነው?

ክርክሩ ሲጠነክር ከመውደድ ወደ ማስረጃ ይሸጋገራል። ጆንና ፖል ማንኛቸውም ቢጽፉት ዘፈኑ በሁለቱም ስም እንዲወጣ ገና በልጅነታቸው ተስማምተው ነበር። ስለዚህ ሸክላው ላይ ያለው ስም አይረዳም። አድናቂዎች የሚጠቀሙበት ቀላል መለኪያ አለ። ዋናውን ድምፅ የዘፈነው ሰው በአብዛኛው ደራሲው ነው። ብዙ ጊዜ ይሠራል።

የማይሠራበት ቦታ ነው ጠቡ። «ኢን ማይ ላይፍ»ን ጆን ዜማውም የእኔ ነው አለ። ፖል ደግሞ ዜማውን የሠራሁት እኔ ነኝ ይላል። በ2018 የስታትስቲክስ ተመራማሪዎች የሁለቱን የአዜማመር ልማድ በስሌት አነጻጽረው ዜማው የጆን ሳይሆን አይቀርም አሉ። የፖል ወገኖች አልተዋጠላቸውም። በ«ኤሌኖር ሪግቢ» ግጥም ላይም ሁለቱ የሚያስታውሱት ለየቅል ነበር።

እኔ በዚህ ክርክር ውስጥ ሁሌ የማነሳው የ1965ቱን «ዊ ካን ወርክ ኢት አውት»ን ነው። «እንስማማለን» እያለ ተስፋ የሚሰጠው ክፍል የፖል ነው። መሃል ላይ ገብቶ ሕይወት አጭር ናት የሚለው የጆን ነው። እዚያው መሃል ላይ ምቱ ድንገት ወደ ቫልስ (ባለ ሦስት ምት የዳንስ ስልት) የሚዞረው በጆርጅ ሐሳብ ነው። ያንን መዞር ሳይሰናከል የሚያሻግረው የሪንጎ እጅ ነው። ከሁለት ደቂቃ ትንሽ በሚያልፍ ዘፈን ውስጥ የትኛውን አውጥተን የትኛውን እንተዋለን?

ዘመን ሲለወጥ

ምርጫው በአንድ ቦታ ቆሞ አያውቅም። በ1964 አሜሪካ ሪንጎ ሪንጎ ትል ነበር። በ1970 ፖል መለያየቱን በይፋ ሲያሳውቅ ጥፋቱ ሁሉ በእሱ ላይ ወደቀ። ጆን በ1971 ፖልን የሚዘልፍ ዘፈን አወጣ፤ በዚያ ዘፈን ጊታር የተጫወተው ደግሞ ጆርጅ ነው። ዲሴምበር 8 ቀን 1980 ጆን በኒውዮርክ ቤቱ ደጃፍ ተገደለ። ከዚያ በኋላ እሱን መተቸት ነውር ሆነ። ፖል በማግስቱ ለጋዜጠኞች የሰጠው አጭርና ደረቅ መልስ ደግሞ ለዓመታት አስወቀሰው። ሰውየው ደንግጦ ነበር። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ቃል አይመርጥም።

ጆርጅ በኖቬምበር 2001 በካንሰር ሲያርፍ ተራው የእሱ ሆነ። ወጣቶች ዘፈኖቹን እንደ አዲስ አገኟቸው። በ2021 ደግሞ የፊልም ዳይሬክተሩ ፒተር ጃክሰን ባንዱ በጃንዋሪ 1969 ሲሠራ ከተቀረጸው ምስል ወደ 8 ሰዓት የሚጠጋ ዘጋቢ ፊልም ሠራ። እዚያ ውስጥ አንድ ጠዋት አለ። ጆን አልመጣም። ጆርጅ ያዛጋል፣ ሪንጎ ዝም ብሎ ያያል። ፖል ቤዝ ጊታሩን እየደበደበ ያንጎራጉራል፣ ያንጎራጉራል፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ «ጌት ባክ» የተባለው ዘፈን ከምንም ተነስቶ ቅርጽ ይይዛል። ይህን ያየ ሰው ፖልን እንደ ድሮው ጨቋኝ አለቃ ብቻ አድርጎ ማየት ይቸግረዋል።

አሁን ደግሞ ሳም ሜንደስ የሚባለው እንግሊዛዊ ዳይሬክተር አራት ፊልም እየሠራ ነው። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ፣ ታሪኩም በእያንዳንዳቸው ዓይን የሚታይ። ጆንን ሃሪስ ዲኪንሰን፣ ፖልን ፖል ሜስካል፣ ጆርጅን ጆሴፍ ኩዊን፣ ሪንጎን ባሪ ኪዮገን ይሆናሉ። አራቱም በኤፕሪል 2028 እንዲወጡ ታቅዷል። የየወገኑ ሰው መጀመሪያ የትኛውን እንደሚያይ ከወዲሁ ይታወቃል። እኔ የጆርጅን ነው።