ያዝ ያደርጋል? የፕላስተርና የስቲከር ሙጫ እንዴት ይለካል

በቃሊቲና በገላን በኩል ባሉ መጋዘኖች የካርቶን ፕላስተር ሲገዛ ፈተናው አንድ ነው። ሰውየው ጫፉን በጥፍሩ ያነሳል፣ አውራ ጣቱን ይለጥፍበትና ላጥ ያደርገዋል። «ይይዛል» ወይም «አይይዝም» ይላል፣ አለቀ። ልማዱ የሚናቅ አይደለም። በሙያው «ታክ» የሚባለውን ነው የሚሞክረው፤ ሙጫው ሳይጫኑትና ሳይጠብቁት፣ ገና እንደነካ የሚይዝበትን ጉልበት ማለት ነው። ግን ጣት ይሞቃል፣ ላብና ቅባት አለው፣ የሁለት ሰው ጣትም እኩል አይጫንም።

ይሄ ሙጫ እንደ ማስቲሽ አይደለም። ማስቲሽ ተቀብቶ ጠፈፍ እስኪል ይጠበቃል። የፕላስተር ሙጫ ግን ሁልጊዜ ለስላሳ ነው፤ ትንሽ ነካ ሲያደርጉት የካርቶኑን ሸካራ ገጽ ተከትሎ ይሞላዋል። ፕላስተር አምራች በሆነው የአሜሪካ ኩባንያ 3ኤም ተመራማሪ የነበረው ካርል ዳልኲስት ለዚህ ልክ አስቀምጦለታል፦ የሙጫው ግትርነት ከ0.3 ሜጋፓስካል (የግትርነት መለኪያ ነው) ገደማ ካለፈ በቀላል ንክኪ አይይዝም።

ቀላሉ መለኪያ የብረት ኳስ ነው። 11 ሚሊሜትር ገደማ የሆነች ኳስ ከትንሽ ተዳፋት ላይ ትለቀቅና ሙጫው ወደ ላይ በተዘረጋ ፕላስተር ላይ ትንከባለላለች። ቶሎ ከቆመች ሙጫው ያዝ ያደርጋል ማለት ነው። ኳሷ በየሙከራው ትጠረጋለች፣ ፕላስተሩም ይቀየራል። እኔ በዚህ ብቻ አልተማመንም፤ ሙጫው ወፍራም ስለተቀባ ብቻም ኳሷ ልትቆም ትችላለች።

የምወደው የቀለበቱን ፈተና ነው። 25 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ሙጫው ወደ ውጭ ሆኖ ይታጠፍና ሁለቱ ጫፎቹ በመሳቢያ ማሽን ይያዛሉ፤ ሆዱ እንደ እንባ ዘለላ ወደ ታች ይንጠለጠላል። ቀስ ብሎ ወርዶ መስታወት ይነካል፣ ማንም አይጫነውም። 25 በ25 ሚሊሜትር ያህል እንደነካ ማሽኑ በደቂቃ 300 ሚሊሜትር ፍጥነት መልሶ ይስበዋል። ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ሙጫው ከመስታወቱ ሲላቀቅ እንደ ማር ክር እየሠራ ይሳባል፣ ከዚያ ጧ ብሎ ይለቃል። የሚመዘገበው ትልቁ ጉልበት ነው፣ በኒውተን። መስታወቱ ላይ የቀረ ሙጫ ካለም ይጻፋል።

ቶሎ መያዝና ይዞ መቆየት ደግሞ ይለያያሉ። ጠዋት ጥብቅ ያለ ፕላስተር ካርቶኑ ሲከብደው ቀስ እያለ ሊንሸራተት ይችላል፤ ለዚህ ክብደት አንጠልጥሎ እስኪወድቅ ሰዓት መቁጠር ነው፣ ሌላ ፈተና ነው።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ሙቀቱ 23 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 50 በመቶ ነው። የእኛ የኅዳር ንጋት ግን ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ሙጫም ሲበርደው ይገትራል። አንድ ጠዋት እዚያው አካባቢ ቆሜ ያየሁት ይሄንኑ ነው፤ የታሸጉት ካርቶኖች ክዳናቸው አንድ በአንድ ቀና ቀና ይል ነበር፣ ሠራተኞቹም ፕላስተሩን ይራገማሉ። አንዷ ልጅ ጥቅሎቹን አውጥታ ፀሐይ ላይ ደረደረቻቸው። አራት ሰዓት ላይ ያው ፕላስተር ያዘ።